እንትኑን አቀብለኝ



ጋባዦቼ የዲስኩሩን ርዕስ ሲጠይቁኝ «ከልጆች ኮሚክ ስለሚሠራ የቤተሰብ ጨዋታ» አልኋቸው። የደወለልኝ ልጅ ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ቁም ነገሩ በየት በኩል ነው?» አለኝ። ልጁ ያው እዚያ ጥግ ተቀምጦ አየዋለሁ። በጨው በኩል ነው የምንገባው፤ ታገሠኝ።

ዘመኑ 1957 ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ መቀነሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።) ሁለት የቤልጅግ ሠዓሊዎች ባሕር ዳርቻ ሄደው ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ፒየር ኩሊፎርድ ነው፤ በብዕር ስሙ ፔዮ። ሌላው አንድሬ ፍራንካን። ፔዮ ጨው ፈለገ፤ እጁን ዘረጋ፤ ቃሉ ግን ጠፋበት። «እስቲ ሽትሩምፉን አቀብለኝ» አለ። ፍራንካን ጨውን አቀበለውና በዚያው ቋንቋ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች አፋቸው ላይ የመጣውን ቃል ሁሉ በሽትሩምፍ እየተኩ ሲቀልዱ ሰነበቱ።

ይህን ሳነብ ከልቤ ሳቅሁ። ምክንያቱም አማርኛ ይህን ቃል ማንም ሳያስተምረው ይዞት ኖሯል። እንትን! «እንትኑን አቀብለኝ»፣ «እንትና መጥቶ ነበር»፣ «ኧረ እሱ ነገር እንትን እንትን ይለኛል»። ስም ሲጠፋን እንትን፤ ስሙን መጥራት ስናፍር እንትን፤ ለመጥራት ስንሰንፍም እንትን። ፔዮ በአንድ ምሳ ያገኘውን ቃል እናቶቻችን በቀን መቶ ጊዜ ይጠሩታል። እናቴን በዚህ ጉዳይ በኋላ አመጣታለሁ።

ፔዮ ያችን ቃል አልጣላትም። ጥቅምት 23 ቀን 1958 «ስፒሩ» በተባለው የልጆች መጽሔት ላይ፣ ስለ አንድ ምትሃታዊ ዋሽንት በሚተርክ ታሪክ ውስጥ፣ ትንንሽ ሰማያዊ ፍጥረቶች ብቅ አሉ። ሲናገሩ ስሙንም ግሱንም ሽትሩምፍ ይሉታል፤ ስማቸውም ያው ሽትሩምፍ ሆነ። ኔዘርላንድኛው «ስመርፍ» አላቸው፣ እንግሊዝኛውም ከዚያ ወሰደ። እዚህ መሃል ጅዳ ወይም ዱባይ ያደገ ካለ «ሰናፊር» ብሎ ያውቃቸዋል፤ የሚያሳድዳቸውን ጠንቋይ ጋርጋሜልንም «ሻርሻቢል» ብሎ ይጠራዋል። እስራኤል ያደጉት ዘመዶቻችን «ዳርዳሲም» ይሏቸዋል። እኔ ስመርፍ እያልሁ እቀጥላለሁ።

ለማያውቃቸው በአጭሩ፦ ቁመታቸው ሦስት ፖም ተደራርቦ የሚያክል፣ ነጭ ቆብና ነጭ ሱሪ የለበሱ፣ እንጉዳይ በሚመስሉ ቤቶች የሚኖሩ ናቸው። አዛውንታቸው ቀይ ይለብሳል፤ ዕድሜው 542 ነው። ሰማያዊ ያደረገቻቸው የፔዮ ባለቤት ኒን ናት፤ ሥዕሎቹን ቀለም የምትቀባው እሷ ነበረች። አረንጓዴ ቢሆኑ ከጫካው ጋር ይመሳሰላሉ፣ ቀይ ቢሆኑ ዓይን ይወጋሉ፣ እንዲህ እየተባለ ቀለሙ ሁሉ ወድቆ ሰማያዊው ቀረ።

አሁን ወደ ጨዋታው።

ብራስልስ ውስጥ ማሮል የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ዡ ደ ባል አደባባይ ላይ በየዕለቱ አሮጌ ዕቃ ይዘረጋል፤ ምናለሽ ተራን ድንጋይ ንጣፍ ላይ አስጥታችሁ አስቡት። እህቴ እዚያው ከተማ ትኖራለች። ልጅዋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ክረምት እሷን ይዤ ስዞር ካርቶኑ የተቀደደ የስመርፍ ጨዋታ አየችና እጄን ጎተተች። ጠጠሮቹ ጎድለዋል፣ ዳይሱም የለም። ሰሌዳው ግን ደህና ነበር፤ ሰውየውም ብዙ አልጠየቀንም። ልጅቱ የሥዕል መጽሐፎቹን አንድ በአንድ አንብባ ጨርሳ ስለነበር ካርቶኑን እስከ ቤት ድረስ በደረቷ ታቅፋ ሄደች።

ማታ ሰሌዳውን ዘረጋን። ከሌላ ጨዋታ ሁለት ዳይስ ተበደርን፤ ለጠጠር አዝራር አመጣን። ሠላሳ ደቂቃ ተጫወትን። ማን እንዳሸነፈ ረስቼዋለሁ፤ ልጅቱ ያለችውን ግን አልረሳሁም። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ስመርፍ አይደለም። ስመርፍ የተሣለበት ነው።»

እውነቷን ነበር። ሰሌዳውን አዙሬ ሳየው 63 ቤት ነው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝዞ ወደ መሃል የሚገባ። ሥዕሉ ሲላጥ ከሥር የዝይ ጨዋታ ነው የተገኘው።

ስለ ዝይዋ ትንሽ ፍቀዱልኝ፤ ከስመርፎቹ በዕድሜ እጅግ ትበልጣለች። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የፍሎሬንስ ገዥ የነበረው ፍራንቸስኮ ደ ሜዲቺ ይህን ጨዋታ ለስፔኑ ንጉሥ ለፊሊጶስ ሁለተኛ በስጦታ ልኮለታል። በ1597 ለንደን ላይ በአሳታሚዎች መዝገብ ገብቷል። በፈረንሳይና በቤልጅግ ዛሬም ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁለት ዳይስ ትጥላለህ፣ የወጣልህን ትቆጥራለህ። ዝይ የተሣለበት ቤት ላይ ካረፍህ የጣልኸውን ያህል እንደገና ትሄዳለህ። 6ኛው ቤት ድልድይ ነው፣ ያሻግርሃል። 19ኛው የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ ተራህን ይበላል። 31ኛው ጉድጓድ፣ 52ኛው ወህኒ ቤት ነው፤ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪተካህ አትወጣም። 58ኛው ሞት ነው፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። 63 ላይ ልክ ካልገባህ የተረፈውን ወደ ኋላ ትቆጥራለህ።

ይህን ሁሉ ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሚገርመኝ አንድ ብልኀቱ ነው። ዝይዎቹ የሰፈሩት በዘፈቀደ አይደለም፤ አንደኛው መሥመር 9፣ 18፣ 27፣ 36 እያለ እስከ 54 ይሄዳል። አስቡት እንግዲህ። አንድ ሰው በመጀመሪያው ውርወራ ዘጠኝ ቢጥል ዝይ ላይ ያርፋል፤ ዘጠኝ ይጨምራል፣ አሁንም ዝይ፤ ዘጠኝ ይጨምራል፣ አሁንም ዝይ... ሌላው ተጫዋች እጁን ሳያነሣ እሱ 63 ላይ ጉብ ይላል። ሁለት ዳይስ ሲጣል ካለው 36 አጋጣሚ 4ቱ ዘጠኝ ይሰጣሉ፤ ከዘጠኝ አንድ ማለት ነው። ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ ላይ ቅጥል አለ፦ የመጀመሪያው ዘጠኝ በስድስትና በሦስት ከመጣ ወደ 26፣ በአምስትና በአራት ከመጣ ወደ 53 ሂድ። ጨዋታው ተሠርቶ፣ ተጫውተውበት፣ ቀዳዳው ታይቶ፣ ተጠግኗል ማለት ነው። እራፊ የተጣፈበት ልብስ ደስ ይለኛል፤ የተለበሰ መሆኑን ያሳያልና።

ዝይዋን እንግዲህ አልንቅም። ነገር ግን በዝይ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ የሚወስነው ምንም ነገር የለም። ዳይሱ ይጣላል፣ እጅህ ይከተላል። ለአራት ዓመት ልጅ ቁጥር መቁጠሪያ ይሆናል፤ ለስምንት ዓመት ልጅና ለእናቷ ግን ሥዕሉን ካዩ በኋላ የሚቀራቸው ነገር የለም። ጉድጓዱን ጋርጋሜል አድርገህ ብትሥለው፣ ወህኒውን የጠንቋዩን ድመት የአዝራኤልን ጥፍር ብታደርገው፣ ያው ጉድጓድና ወህኒ ነው። ከልጆች ኮሚክ ተሠሩ የሚባሉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ አሮጌ ዝይ፣ አዲስ ቀሚስ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን መገመት አይከብድም። አሜሪካ ውስጥ ሚልተን ብራድሊ የሚባል የድንጋይ ማተሚያ ባለሙያ ነበር። የአብርሃም ሊንከንን ምስል አትሞ በብዛት ሲያሰናዳ ሊንከን ጢሙን አሳደገና ባለጢም ሆነ፤ ጢም የሌለውን ምስል የሚገዛ ጠፋ። ሰውየው በ1860 ፊቱን ወደ ጨዋታ አዞረና የሕይወትን ጉዞ በቼዝ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ሸጠ። ዳይስ የቁማርተኛ ዕቃ ነው ተብሎ በጨዋ ቤት ስለሚጠላ እንደ እንዝርት የምትሾር ቁጥር ያለባት ነገር ተካበት። (እኛም ቤት እኮ ዳይስ ሲታይ «ምን ልትሆኑ ነው?» የሚሉ አባቶች ነበሩ።) የዚህ ሰው ኩባንያ ነው ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ስመርፎች በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት በጀመሩበት በ1981፣ የስመርፍ ጨዋታ ያወጣው። ቴሌቪዥኑ ልጁን አሳምኖ ጨርሶታል፤ ካርቶኑ ላይ ሰማያዊ ፊት ካለ ይሸጣል። አዲስ ሕግ ለማውጣት ማን ይደክማል?

ያን ማታ ልጅቱን «ታዲያ ስመርፍ ምንድን ነው?» አልኋት። ሄዳ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው የራሳቸው ታሪክ ነው፤ በ1959 የወጣው። ታሪኩን ከመንገሬ በፊት እንዴት እንደወጣ ልንገራችሁ። የ«ስፒሩ» ዋና አዘጋጅ ኢቫን ዴልፖርት አንድ ዘዴ ነበረው። መጽሔቱ መሃል ያሉትን ገጾች ልጁ ይነቅላል፣ ያጥፋል፣ ይቆርጣል፣ በሽቦ ይሰፋል፤ መዳፍ የምታክል መጽሐፍ ትወጣለች። ስመርፎች ከባለ ዋሽንቱ ታሪክ ወጥተው ራሳቸውን የቻሉት በዚያች በእጅ በተሰፋች መጽሐፍ ነው። አንባቢው ገና ከማንበቡ በፊት መቀስ ይዟል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ዝንብ አንዱን ስመርፍ ትነድፈዋለች። ይጠቁራል፣ ንግግር ያጣል፣ «ኛፕ!» እያለ ይዘላል፤ የሌላውን ጭራ ከነከሰ ያም ይጠቁራል። መንደሩ አንድ በአንድ ያልቃል። አዛውንቱ መድኃኒት ሲፈልግ ይሰነብታል፤ የአንድ አበባ ብናኝ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ አንዱ የተነከሰው ራሱን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ጤነኞቹ መሃል ይቀላቀላል። ተረቱ ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚሆን ለልጆቹ ልተውላቸው።

ልጅቱ በአማርኛና በፈረንሳይኛ እያቀላቀለች ስታነብልኝ ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ለምን ጥቁር ሆኑ?» አለች። ክፍሏ ውስጥ ከእሷ ሌላ ጥቁር ልጅ አንድ ብቻ ነበር። ፔዮ ስለ ሰው ቆዳ አላሰበም ይሆናል፤ ቁጣን በከሰል ቀለም መሣሉ ይሆናል። አሜሪካኖቹ ግን ቀለሙን ወደ ሐምራዊ ለውጠውታል፤ ካርቱኑም መጽሐፉም እዚያ ሐምራዊ ነው። እኔ ረጅም ትንታኔ ልጀምር ስል እህቴ ከወጥ ቤት ሆና «እኛ ስንሠራው ሌላ እናደርገዋለን» አለች። የራሳችንን ጨዋታ የመሥራቱ ሐሳብ እንዲህ ነው የመጣው፤ ከእኔ አይደለም።

የማካሮኒ ካርቶን ቀደድን። መንደር፣ ጫካ፣ ወንዝ፣ አበባ ያለበት መስክ ሣልን፤ 40 ቤት ያለው መንገድ አበጀን። ለጠጠር ምን እንጠቀም ሲባል እህቴ ከአንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ቆርኪ ለምና መጣች። ቆርኪ! በልጅነቴ ኪሴን ያሳደፈው ቆርኪ ብራስልስ ድረስ ተከተለኝ። 12ቱን ጀርባቸውን የጥፍር ቀለም ቀባን፣ ሰማያዊ። የተነከሰ ይገለበጣል፤ ባዶ ሆዱን ወደ ላይ ያሳያል። የቀለሙ ክርክር በዚሁ አለቀ። አበባው ሽምብራ ሆነ፣ የአዛውንቱ ማድጋ የቡና ሲኒ። ሕጋችን፦ አሥር ሽምብራ ሲኒው ውስጥ ከገባ ሁላችንም አሸነፍን፤ ከዚያ በፊት ቆርኪው ሁሉ ከተገለበጠ ሁላችንም ተሸነፍን።

ሁሉም አብሮ የሚያሸንፍበት ጨዋታ የእኛ ግኝት አይደለም። ጀርመኖች በ1986 ያወጡት «የፍራፍሬ እርሻ» የሚባል የሕፃናት ጨዋታ አለ፤ አራት ዛፍ ላይ አርባ ፍሬ ተንጠልጥሏል፣ ቁራው ዘጠኝ ቁራጭ ሆኖ ሳይሟላ ልጆቹ ለቅመው መጨረስ አለባቸው። ጠላት ሰሌዳው ነው፤ ወንድም ወንድሙን አያስለቅስም። ያን ጨዋታ ሳየው ሁልጊዜ ትንሽ የለዘበ ይመስለኝ ነበር። የእኛ ግን በመጀመሪያው ማታ አልለዘበም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም አለቅን። ሲኒው ውስጥ ሦስት ሽምብራ።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የተነከሰው ይነክሳል ብለናል። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ቆርኪ የት ይደርሳል? ልጅቱ ግን አላለቀሰችም። «ልክ እንደ መጽሐፉ!» ብላ አጨበጨበች። እህቴ ናት የተናደደችው፤ «ታዲያ ማን አሸነፈ?»

በማግስቱ ሕግ ጨመርን። አንድ ቤት ላይ ሁለት ጤነኛ ስመርፍ አብሮ ካለ አይነከስም። እሰይ አልን። ሁለት ማታ እንደዚያ ተጫወትን፤ ቆርኪዎቹ እንደ ሙሽራና ሚዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፣ ማንም አይነከስም፣ ሽምብራው ይሞላል፣ ሁላችንም እናዛጋለን። ዝይዋ ተመልሳ መጣች ማለት ነው፤ የሚወሰን ነገር የለም።

ሦስተኛውን ሕግ ያገኘችው ልጅቱ ናት። አበባው ያለበት ቤት ጠባብ ነው አለች፤ «አንድ ስመርፍ ብቻ ነው የሚያስገባው።» በቃ። ሽምብራ የሚፈልግ ሰው ጓደኛውን ጥሎ ብቻውን መግባት አለበት። ያን ማታ ጠረጴዛችን ላይ የሆነውን ብታዩ! «እኔ ልግባ፣ አንቺ እዚህ ጠብቂኝ።» «አይ እማዬ፣ የኔ ይቀርባል፣ አንቺ ተመለሺ።» «ዳይሱ አምስት ካመጣስ?» እህቴ ከሥራ ስትመጣ የማትናገር ሴት ናት፤ ያን ማታ ቆማ ነበር የምትጫወተው። ልጅቱ ብቻዋን ገባች፣ ሽምብራውን አነሣች፣ ስትወጣ ተነከሰች። ቆርኪውን ራሷ ገለበጠችውና ወዲያው ወደ እናቷ ዞራ «ኛፕ!» አለች።

እንግዲህ የጠየቅኸኝ ቁም ነገር፣ አንተ ጥግ ያለኸው፣ እዚህ ጋ ነው። ኮሚክ ብቻህን የምታነበው ነገር ነው፤ ሥዕሉ በየገጹ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ተራ የለውም። ጨዋታ ግን ተራ ነው። ሥዕሉን ብቻ ወደ ሰሌዳ ያሻገረ ሰው ሬሳውን ነው ያሻገረው። መሻገር ያለበት የታሪኩ ጭንቅ ነው፤ ልጁ ሲያነብ «አትግባ! አትግባ!» ያለበት ቦታ። ያን ጭንቅ ሕግ አድርገህ ካስቀመጥኸው ቆርኪም ስመርፍ ይሆናል። ካላስቀመጥኸው በጥሩ ፕላስቲክ የተሠራው ስመርፍም ቆርኪ ነው።

ፕላስቲክ ካልሁ አይቀር። ሽላይህ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በ1965 የስመርፍ አሻንጉሊት ማምረት ጀመረ፤ ጣት የሚያክሉ፣ አንዱ መስተዋት የያዘ፣ አንዱ መነጽር ያደረገ። ቆንጆ ናቸው፣ አልዋሽም፤ እህቴ ቤት ሰባቱ መስኮት ላይ ተደርድረዋል። ፔዮ ግን በኋለኛ ዘመኑ ከሥዕሉ ይልቅ የዚህ ንግድ ጉዳይ ጊዜውን ሲበላበት ነው የኖረው። በ1992 የገና ዋዜማ ሲሞት 64 ዓመቱ ነበር።

ሌላም መንገድ የመረጠ ሰው አለ። አሜሪካዊው ቢል ዋተርሰን «ካልቪንና ሆብስ» የሚባለውን ኮሚክ ከ1985 እስከ 1995 ሥሏል። የስድስት ዓመት ልጅና ነብሩ ነው። ነብሩ ለልጁ ሕያው ነው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ አሻንጉሊት። አሳታሚዎቹ መጫወቻ እንሥራበት ብለው ለዓመታት ወተወቱት፤ እምቢ አለ፣ ተሟገተ፣ በ1991 ውሉን አስለወጠ። ነብሩ በሱቅ ከተሸጠ አሻንጉሊት መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው፣ ታሪኩም አለቀ። ይህን ክርክሩን እወደዋለሁ። ይበልጥ የምወደው ግን እዚያው ኮሚክ ውስጥ ልጁና ነብሩ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ መኖሩን ነው። ሕጉን እየሮጡ ያወጡታል፣ ነጥቡም ቅጥ የለውም። የማይለወጥ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መጫወት አይቻልም። ካርቶን ውስጥ ተከቶ ሊሸጥ የማይችል ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን ሳያውቁት ልጆች ሁሉ ይጫወቱታል።

ሕግ በየቤቱ መለወጡ ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣ ሲጽፍ ከኢትዮጵያና ከአካባቢው ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነት መዝግቧል። የቤቱ ብዛት ይለያል፣ የጠጠሩ ቁጥር ይለያል፣ የሚበላበት መንገድ ይለያል። ጎረቤት መንደር ሄዶ ገበጣ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ «በናንተ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እናቴ ቪዛ አግኝታ ለሦስት ወር ብራስልስ የመጣችው ጨዋታችን እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። በእሷ ምክንያት አራተኛው ሕግ ተወለደ። ሰሌዳው ላይ የእንጉዳይ ቤት አለ፤ እዚያ ያረፈ ሰው ተራው ተመልሶ እስኪደርሰው ግስ አይናገርም፣ በግሱ ፈንታ እንትን ይላል። ከሳተ ወይም ከሳቀ ተራው ይቃጠላል። ልጅቱ በፈረንሳይኛ መጽሐፏ ውስጥ ስመርፎቹ የሚናገሩትን ነበር በአማርኛ ልታመጣው የፈለገችው። እህቴ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳትዘልቅ ወደቀች። እኔ አስተማሪ ነኝና ግሱን አንቄ ይዤ ዝም አልሁ፤ ዝም ማለትም ተከልክሏል ተባለ።

እናቴ መነጽርዋን ወደ ግንባርዋ ሰቅላ ሰሌዳውን አየች። ዳይስ የመንካት ፍላጎት አልነበራትም፤ ልጅቱ ትጥልላታለች። «እማማ፣ እንጉዳይ ቤት ገብተሻል! አሁን እንትን ብቻ ነው!» እናቴ ጣቷን ወደ ወንዙ ቀሰረችና ያለ ምንም ጭንቀት፣ «አንቺ ልጅ፣ ያንን እንትን ወደዚያ እንትን አድርጊውና እንትኑን እንትን ትይልኛለሽ፤ ደሞ እንትኑ እንዳይ'ንትን» አለች።

ልጅቱ ቆርኪውን ወንዙን አሻገረችው፣ ሽምብራውን አነሣች፣ ከሌላው ቆርኪ ጋር አጠጋጋችው። ልክ ነበር። «አዎ፣ እንደሱ» አለች እናቴ። እህቴና እኔ ተያየን። ከዚያ በኋላ እንጉዳይ ቤት የገባችበትን ማታ ሁሉ አንድም ጊዜ ተራዋ አልተቃጠለም። ሕጉ ለእሷ ሕግ አልነበረም፤ አነጋገርዋ ነው። ልጅቱ ግን ሌላ ነገር አተረፈች። አያትዋን በስልክ ስትሰማ ግማሹ የሚያመልጣት ልጅ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእንትኑን ዓይነት በድምፁ መለየት ጀመረች፤ የሻዩን እንትን ከነጠላው እንትን፣ የሐሜቱን እንትን ከመድኃኒቱ እንትን።

በተረቱ ውስጥ ራሱን ሰማያዊ የቀባውን ስመርፍ ጉዳይ ረስቼው ልወርድ ነበር። በየጨዋታው አንድ ጊዜ የተገለበጠ ቆርኪ ተመልሶ ሰማያዊ ጀርባውን ማሳየት ይችላል፤ ጤነኛ መስሎ፣ ውስጡ ግን የተነከሰ። የቱ እንደሆነ ማስታወስ የተጫዋቾቹ ፈንታ ነው። እኔ ሁልጊዜ እረሳለሁ። ልጅቱ አጠገቤ ጥንድ ሆና ትቆምና፣ አሥረኛዋን ሽምብራ ይዤ ሲኒው ሁለት ቤት ሲቀረው፣ በትሕትና «አጎቴ፣ ኛፕ» ትለኛለች። እናቴ ያን ጊዜ ሁሉ ታውቅ ኖሯል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት፣ «ልጅቱ እንትን ብላ ስታየኝ እንዴት ልናገር?»

እናቴ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ቆርኪዎቹ ተቆጠሩ፤ አሥራ አንድ። ሶፋው ተነሣ፣ ምንጣፉ ተራገፈ። ከሳምንት በኋላ በቪዲዮ ስትደውል ቦርሳዋን ዘቅዝቃ አሳየችን፤ ከመቁጠሪያዋና ከአንድ ደረቅ ሎሚ ጋር ሰማያዊው ቆርኪ ወጣ። በስሕተት ነው አለች። ልጅቱ ስልኩን ከእናቷ እጅ ነጥቃ፣ «እማማ! እንትኑን ለአጎቴ ስጪው! እንትን ሲል ያምጣልኝ!» አለች።

ወደ ብራስልስ የምሄደው የፊታችን ሐሙስ ነው። ቆርኪው ይኸው፣ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ጀርባው ትንሽ ተልጧል፤ ሰማያዊነቱ ግን ይታያል። ማየት የምትፈልጉ ልጆች ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ብቻ አንድ በአንድ፣ ጥንድ ሆናችሁ እንዳትመጡ።